ኤሊ የጠየቀው ምራቂ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ «የመሠረት» በሉኝና ቀረብ በሉ።

በሁለት ባሕሮች መካከል ባለች ቀጭን አገር ጨው የሚነግድ ኤሊ ነበረ። ለገዛው ሁሉ ምራቂ ይጨምር ነበርና እንስሳቱ ወደዱት፤ አለቃም አደረጉት። ድርቅ ገብቶ የቀረችውን አንዲት ኩሬ አዞ ሲይዛት፣ ኤሊን መልእክተኛ አድርገው ላኩት። ሚዳቋ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰች ግልገሏን አስከትላ አብራው ሄደች።

«ምን ፈለግህ፣ አንተ ድንጋይ?» አለ አዞ።

ኤሊ አልተቆጣም። እስከ ቀትር ተከራከረ፤ በመጨረሻ አዞ እንስሳቱ በገደሉ በኩል ተራ በተራ እንዲጠጡ ፈቀደ። ሚዳቋ ቅስሟ ተሰበረ። በዚያ በኩል ዝሆን ኩምቢውን ይሰዳል እንጂ የግልገሏ አንገት አይደርስም።

«ተስማማን» አለ ኤሊ። «በል አሁን መርቅልኝ።»

ሚዳቋ አዞን ምራቂ የሚጠይቅ መቼ አይታ ታውቃለች?

«እኔ? ለአንተ?» አለ አዞ።

«እንሽላሊት ታክል በነበርክበት ጊዜ እናትህ ጨው ግዛ ብላ ትልክህ ነበር። የእሷን ከሰፈርኩ በኋላ በመዳፍህ የምጨምርልህን ረሳኸው?»

አዞ የድሮው ጨው አፉ ውስጥ የመጣ ይመስል ዋጥ አደረገ። ከዚያ ረጅም ጭራውን ከአሸዋው ላይ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ከሥሩ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ ታየ።

«ትንንሾቹ በዚህ ይጠጡ፣ አባባ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሚዳቋ ግልገሏ ስትጠጣ አላየችም፤ ዓይኗ ኤሊው ላይ ቀርቶ ነበር።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በውሃ አርጥቡልኝ።