በገዛ ዱዓቸው ላይ የደረሱት ሟች

ከጥንት ከተሞች በአንዲቱ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ኡስታዝ ፊት ተቀምጠው አልተማሩም። ከገበያ በገዙት አሮጌ ኪታብ ፊደሉን ራሳቸው ለይተው፣ ኮርቻ እየሰፉ፣ በየመንደሩ የተበተነውን መንዙማ ሲሰበስቡና ሲመረምሩ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። የከተማው ዑለሞች ግን "ኮርቻ ሰፊው" ከማለት አላለፉም።

ከመንዙማዎቹ አንዱን ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። በእጅ የተጻፈው ቅጂ መጨረሻው ገጽ ላይ "ለያሲን ሽፋው ዱዓ አድርጉለት" ይላል። ሼሁ ገጣሚውን አገኘሁ ብለው ፈነደቁ። ከስንኞቹ እየለቀሙም ስለ ሰውየው ሰብርና ትዕግሥት፣ ስለ ስደታቸው፣ ስለ አሟሟታቸው ሳይቀር ወፍራም ኪታብ ጻፉ።

በመጨረሻ ዑለሞቹ ተሸነፉ። "የፊታችን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ያንብቡልን፤ ለሟቹም ዱዓ እናደርጋለን" አሏቸው። ቀኑ ደርሶ ሼሁ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መስጊዱ በር ላይ ሲጠብቁ፣ አንድ የገጠር ሽማግሌ ቀረቧቸው።

"ያሲን ሽፋው እኔ ነኝ። ዱዓ ሊደረግልኝ ነው ሲሉ ሰማሁና መጣሁ።"

ሼሁ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። "አንቱማ ሞተዋል" አሉ።

"ኧረ አልሞትኩም። መንዙማውንም አልገጠምኩት፤ ከሌላ ኪታብ አይቼ የጻፍኩ ገልባጭ ነኝ። ገልባጭ ሲጨርስ ለራሱ ዱዓ ይጠይቅ የለ?"

ይህን ኡስታዝ ፊት የተቀመጠ የትኛውም ደረሳ ያውቃል። ያላወቁት ያለ ኡስታዝ የተማሩት ሼህ ጀውሃር ብቻ ነበሩ። ላብ አጠመቃቸው።

ያሲን አዘኑላቸው። "ካሻዎ ዝም ብዬ ልመለስ። ዱዓው እንደሁ ከሩቅም ይደርሰኛል።"

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን ምሳ አብልቼ እሸኛቸው ነበር። ሼሁ ግን የሽማግሌውን እጅ ይዘው ጉባኤው መሃል ገቡ። "ጀመዓ፣ ሟቹ እኚህ ናቸው" አሉና ስሕተታቸውን ከነምክንያቱ ተናገሩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ዓሊም እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት የደከሙበትን ምን ሊያደርጉት ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

ሼሁ ኪታቡን በኩታቸው ጠቀለሉት። "በሕይወት ያለ ሰው ከምቀብር ኪታቤን ብቀብር ይሻለኛል" አሉ።

ዱዓውም አልቀረም፤ ለያሲን ረጅም ዕድሜ ተለመነበት።

ወገኖቼ፣ እኛስ? የጻፍነው እንዳይበላሽብን፣ የተናገርነው እንዳይታጠፍብን ብለን ፊታችን ቆሞ "አለሁ" የሚለንን እውነት በመጣበት እንመልሰዋለን። ሼሁ ያን ዕለት መሳቂያ ሆነው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ልቤ ያዝንላቸዋል። ነገር ግን ከሳቁት ዑለሞች የአንዱንም ስም የነገረኝ ሰው የለም።