ፊት የሰጡን ሹም

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደል ስለምገድፍ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት ለጥቂት ነው።

የወረዳችን የግብርና ኃላፊ አቶ ሽመክት ድረ ገጽ አሠሩ። ማዳበሪያ የሚፈልግ ገበሬ ሁሉ ገጹን በስልክ ከፍቶ እስከ ዓርብ ይመዝገብ ተባለ። ገጹ የሚጀምረው ግን በኃላፊው ትልቅ ፎቶግራፍ ነው። የእኛ አገር ኔትወርክ ቀርፋፋ ስለሆነ ፎቶው ከላይ ወደ ታች በጭንቅ ይወርዳል። ፀጉራቸው ይመጣል፣ ግንባራቸው ይከተላል፣ ቅንድባቸው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። መመዝገቢያው ያለው ከአገጫቸው በታች ነው።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ሕዝቡን ሰበሰቡ።

"አንድም ሰው አልተመዘገበም" አሉ። "ሥልጣኔ ስናመጣላችሁ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ነገ ይዘጋል፤ ያለ ማዳበሪያ ዝሩ።"

ዝናቡ ጀምሯልና ሰዉ ተጨነቀ። አንዲት ባልቴት ገበሬ ተነሡ።

"ጌታዬ፣ የበፊቱን ሹም ፊት ነሱን እያልን ስናማቸው ኖርን። እርስዎ ግን ፊት ሰጡን፤ ሳምንቱን ሙሉ ፊት ብቻ። እባክዎ እርስዎም ፊት ይንሱንና ማዳበሪያውን ይስጡን።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በዚያው ቀን ፎቶው እስከ አገጫቸው ወረደ፤ ማለቴ ከገጹ ተነሣ። ምዝገባውም ተራዘመ። ባልቴቷም እስከ ዛሬ "አፈኛዋ" እየተባሉ ይወደሳሉ።

ለማንም ያልነገርኩት ግን አለ። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ያንን ቃል በጆሯቸው ያንሾካሾክኩት እኔ ነኝ። አቶ ሽመክት አባቴ ናቸው። ለእኛ ለልጆቻቸው ፊት ሰጥተው አያውቁም።