ማዳበሪያውን ልብስ ያለበሰው ገበሬ

አንድ ላጲሶ የሚባል ገበሬ በተዳፋት መሬት ላይ በቆሎ ያመርት ነበር። በየዓመቱ ዩሪያ ይበትናል፤ ሳምንት ሳይሞላው ዶፍ ወርዶ ቁልቁል አጥቦ ይወስደዋል። በቆሎው ጥቂት ቀን ለምልሞ ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ከታች ያለው የመንደሩ ኩሬ ግን ከዓመት ዓመት አረንጓዴ እየለበሰ ሄደ። አንድ ክረምት ከብቶቹ ውሃውን አሽትተው ሳይጠጡ ተመለሱ።

«እስከ ዛሬ የለፋሁት ኩሬ ልመግብ ነው እንዴ?» አለ ላጲሶ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም፦ ማዳበሪያው ቶሎ እንዳይሟሟ ምን ሊይዘው ይችላል?

መልሱን ያገኘው ጓሮውን ሲጠርግ ነው። በተከመረው የበቆሎ ቆረቆንዳ መሃል ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሱ የዩሪያ ፍሬዎች አየ። ሚስቱ ታደለች የደፋችው የአጥሚት ትራፊ ደርቆባቸው ነበርና፣ ዝናብ ወርዶባቸውም አልሟሙም።

ላጲሶ ቆረቆንዳውን ወቅጦ ነፋው። ከነቀዘ በቆሎ ዱቄት በሠራው ሙጫ ለወሰው፤ ፍሬዎቹን አልብሶ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው።

ታደለች ይህን ስታይ «ሦስት መስመር ብቻ ነው የምፈቅድልህ» አለችው። «የቀረው የልጆቹ ጉርስ ነው።»

በመጀመሪያው ዓመት በሦስቱም መስመር በቆሎው ቀጨጨ። ጎረቤታቸው ጋሽ ኤርጃቦ ሥሩን ጫር ጫር አድርገው ፍሬዎቹን እንዳሉ አገኟቸው።

«አንተ ላጲሶ፣ ምግቡን ቆልፈህበት እኮ ነው!» ብለው ሳቁ።

ላጲሶ አፈረ። ቢሆንም ፍሬዎቹን መዳፉ ላይ እያገላበጠ ቆየና «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ልብሱን አወፍሬዋለሁ» አላቸው።

በጋውን በሙሉ በየብርጭቆው ውሃ ፍሬ እየዘፈዘፈ፣ የትኛው በስንት ቀን እንደሚሟሟ ሲያይ ከረመ። በሁለተኛው ዓመት ስስ አድርጎ አለበሰው። ዶፉ እንደ ልማዱ ወረደ። የቀረው ማሳ ቢጫ ሲሆን፣ ሦስቱ መስመሮች እሸት እስኪይዙ አረንጓዴ ነበሩ። የበቆሎውን ሥር ቢቆፍር ልብሱ በስብሶ አፈር ሆኗል።

ታደለች ወንፊቷን አምጥታ ቆረቆንዳ መንፋት ጀመረች። ጎረቤቶችም ተከተሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከብቶቹ ወደ ኩሬው ተመለሱ።

ምክርም፣ እርዳታም፣ ፍቅርም እንዲሁ ነው። ባንዴ ስንደፋው ያልፋል፤ አጥብቀን ስንይዘው ያስርባል። ሰውን የሚያቆመው በሚችለው መጠን፣ በሚያስፈልገው ሰዓት ሲደርሰው ነው።

እርስዎስ? ለሚወዱት ሰው ሰሞኑን ከሰጡት ምን ያህሉ ደረሰው?