ከቆዳ ፋብሪካው የተቀዳ ብርጭቆ

አቶ ተካልኝ የሚባሉ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። የፋብሪካቸው ፍሳሽ ወንዙን አጥቁሮት የሰፈሩ ሰው ለዓመታት ቢጮህም አልሰሙም። ቆዳውን የሚገዙት የባህር ማዶ ደንበኞች «ወንዝ ከሚበክል ፋብሪካ አንገዛም፤ መጥተን እናያለን» ሲሉ ግን ጆሯቸው ወዲያው ተከፈተ።

ማጣሪያ መትከሉ ስለከበዳቸው አጥሩን አረንጓዴ ቀለም አስቀቡ፤ በሩ ላይም አበባ አስተከሉ። ቀጥለው ከአጥራቸው ጥግ ጠላ የምትሸጠውን ምላሰኛ ሴት አስጠሩና፣ «እንግዶቹ ፊት ከፋብሪካው የወጣውን ውሃ ትጠጫለሽ፤ እምቢ ካልሽ ጠላ ቤትሽን አፈርሰዋለሁ» አሏት።

እንግዶቹ አስተርጓሚ ይዘው መጡ። አቶ ተካልኝ በጨርቅ ደጋግመው ያስጠለሉትን ፍሳሽ በብርጭቆ አቀረቡና፣ «ይህች ጎረቤታችን ናት፤ የውሃችንን ንጽህና ራሷ ጠጥታ ትመስክር» አሉ። አስተርጓሚው ተረጎመ።

ሴትየዋ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ነሳች።

«እጠጣለሁ ጌታዬ። ግን እኔ ጠላ ስቀዳ፣ መጀመሪያ መዳፌ ላይ አንጠብጥቤ ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። የዚህኛው ጠማቂ ደግሞ እርስዎ ነዎት። በሉ መዳፍዎን ይዘርጉልኝ፣ ላንጠብጥብልዎ።»

አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመ። እንግዶቹ ሁሉ ወደ አቶ ተካልኝ ዞሩ። አቶ ተካልኝ ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሴትየዋ አስተርጓሚውን ቀና ብላ አየችውና፣ «ይቺን እንኳ አትተርጉምላቸው፤ በዓይናቸው አይተዋታል» አለችው።