የቆላው ዓይኖች ቆጠራ

አንበሳ በሚገዛው አገር ሕክምና ለሁሉም እኩል ነበር። ከአምባው ምንጭ ዳር የምትቀመጠው ጦጣ ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍት በጣቶቿ እየነቀለች፣ የታመመ ዓይን በንጹሕ ውኃ እያጠበች ታድናለች፤ ማንንም አትመልስም። ንጉሡም ይህን በየጉባኤው ያስነግር ነበር። ወደ አምባው የሚያወጣው መንገድ ግን ገደል ለገደል ነው፤ እሱን ለመውጣት ደግሞ ዓይን ያስፈልጋል።

የጅግራ መኖሪያ ውኃ በሌለበት፣ ዝንብ በበዛበት ቆላ ነው። ጎረቤቶቿ በየተራ ሲታወሩ አይታ ጉባኤ ላይ ተነሣችና ጦጣ ወደ ቆላ ትውረድልን ብላ ለመነች። አማካሪው ቀበሮ በትሕትና አዳመጣት። መንግሥት በለቅሶ ብቻ ሥራ እንደማይጀምር፣ መጀመሪያ ማን የት እንደታወረ ተጣርቶ መቅረብ እንዳለበት ነገራት። ነገሩ እውነት መሰላት።

በጋውን ሙሉ ቆላውን አካለለች። እንስሳቱ ደካማ ጎናቸውን ለማንም አይገልጡም፤ ለእሷ ግን ነገሯት። አንዲት አሮጊት ድኩላ ግራ ዓይኗ ጨርሶ እንደጠፋ፣ በቀኙም ጥላ ብቻ እንደምታይ፣ የምታድረው ከሮቃው ዛፍ ሥር እንደሆነ ሳትደብቅ አጫወተቻት።

«ሐኪሟ ስትመጣ እንዳታጣኝ» አለቻት።

ጅግራ ያገኘችውን ሁሉ ለጉባኤው አስረዳች። በአምባው የታወረ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ብቻ ነው፤ በቆላ ከየአምስቱ አንዱ አያይም። አንበሳ አመሰገናትና ቀስ ብሎ ጠየቃት፤

«የታወሩት የት ያድራሉ? በየትኛው ጎናቸውስ ነው የማያዩት?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቆላ የጠየቀ ንጉሥ አልነበረም። ጅግራ ደስ ብሏት አንድም ሳታስቀር መለሰች። ጦጣ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ ጅግራ፣ ሐኪሟ መጥታ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ድኩላ ሄደች። ከሮቃው ሥር ያገኘችው አጥንት ነው። ጭቃው ላይ የደረቀው የአንበሳ ዱካ የመጣው በግራ በኩል ነበር።

በቀጣዩ ጉባኤ ቀበሮ፣ በቆላ የታወሩት ቁጥር በግማሽ መቀነሱን አበሠረ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ተጨበጨበ። ንጉሡም የተጀመረው ሥራ እንዳይቋረጥ፣ ጅግራ እንደገና ወርዳ የቀሩትን እንድታጣራ አዘዘ። እምቢ ብትል ሌላ እንደሚላክ አውቃ ወረደች፤ ማንም ምንም እንዳይናገር ልታስጠነቅቅ አስባ ነበር።

ማስጠንቀቅ ግን አላስፈለጋትም። የደረሰችበት ሁሉ ደህና እናያለን ይላታል። እንባው በጉንጩ የሚወርድ አንድ ወጣት አጋዘን ኮቴዋን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፊቱም ወደ ባዶው ሜዳ ነበር።

«ደህና ነው የማየው» አላት። «አንቺንም ይኸው እያየሁሽ ነው።»

እሷ የቆመችው ከኋላው ነው። ጅግራ ድምፅ ሳታሰማ ዞረችና ከፊቱ ቆመች።