በጅራቷ የተቀመጠችው አውሮፕላን

ነበረች ልበላችሁ?

«ትኑር!» በሉኛ።

ክንፍ ነበራት፤ ጎማ ነበራት፤ ቀለም ነበራት። አፍንጫዋ ግን ቀለለና በጅራቷ ተቀመጠች።

ነገሩ ቢሾፍቱ ውስጥ ነው። ከሰዓት ሠሪው ከበዳሳ ሱቅ ጓሮ አንዲት ክፍል አለች። እሑድ እሑድ እዚያ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ተዋጊ አውሮፕላን መሥራት! አትደንግጡ፤ አውሮፕላኖቹ ትንንሽ ናቸው። አርባ ስምንት ሆነው ቢሰለፉ ነው የእውነተኛዋን ርዝመት የሚያክሉት። አንዷ ከስንዝር ብታልፍ በጋት ነው።

በዳሳ በወረንጦ እያነሳ ያጣብቃል። ውቢት የምትባል የሱቅ ታፔላ ሠሪ አለች፤ እሷ ትንፋሿን ይዛ ቀለም ትቀባለች። በሩ ሥር በርጩማ ላይ ደግሞ ጋሽ ዱባለ ይቀመጣል። ጋሽ ዱባለ አያጣብቅም፤ አይቀባም፤ አይናገርም። ያያል።

ጋሽ ዱባለ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ወፍ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚያባርር ወፍና እሱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። የአውሮፕላኗን ሆድ ከታች አይቷል። ጎማዋን አይቷል። እሳቷንም አይቷል። አብራሪው የሚቀመጥበትን ውስጡን ግን አላየም። ደረጃው አጠገብ በደረሰ ቁጥር «ዞር በል!» ይሉታል። ዞር ይላል። እንደዞረ ጡረታ ወጣ።

አንዲት ጥያቄ ግን አብራው ጡረታ ወጣች። ሰውዬው እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ምን ያያል?

አንድ እሑድ በዳሳና ውቢት ኤፍ ፋይቭ የምትባለዋን ጨረሱ። ወንበሯ ገባ፤ ውስጧ ተቀባ። የቀረው የመስታወት ክዳኗ ነው። ክዳኑ ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ይጣበቃል፤ ነገ በጠዋት ሐዋሳ ላሉት ባልደረቦቻቸው ትላካለች። ክዳኑ አንዴ ከተጣበቀ ማንም ውስጧን አያይም።

«በዳሳ» አለ ጋሽ ዱባለ።

ወረንጦው ከበዳሳ እጅ ወደቀ። «ጋሼ! ተናገሩ እኮ!»

«ውስጧን አንዴ ልይ።»

«ምን ችግር አለው! ሕጋችንን ያውቃሉ። መጀመሪያ ትቁም፤ ከዚያ ሁላችንም በየተራ እናያለን፤ ከዚያ ይዘጋል። ሳትቆም ሰው ሲያጎነብስባት ያቺ የባለፈው ወድቃ ክንፏ ተሰበረ አይደል?»

ጠረጴዛው ላይ አቆማት። ቆመች። ሁሉም «ጎሽ!» ሊል ሲል አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። ጅራቷ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ እንደ ውሻ ቁጭ!

«በዳሳ! አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት አላደረግህም?» አለች ውቢት።

«አንቺ ያደረግሽ መስሎኝ!»

«እኔ አንተ ያደረግህ መስሎኝ!»

ትንሽ አውሮፕላን ስትሠራ ከመዘጋቷ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ከባድ ነገር ይገባል። ያን ያልበላች አውሮፕላን በጅራቷ ትቀመጣለች። ይህን እነሱ ያውቃሉ። ስለሚያውቁ አንዱ በአንዱ ተማምኖ ረሱት።

«በፊት ጎማዋ ጉድጓድ በኩል አሁንም ይገባል» አለ በዳሳ። «ግን የመረብ እርሳስ ያስፈልጋል፤ ያ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚያሰምጡበት። በእሑድ ከየት ይመጣል? በቃ፣ ጅራቷን በእንጨት ደግፈን እንዝጋት።»

«ውስጧስ?» አለ ጋሽ ዱባለ።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ጋሼ። ውስጥ አይታይም፣ አውሮፕላን ካልቆመች። አውሮፕላን አትቆምም፣ እርሳስ ካልገባ።»

ጋሽ ዱባለ ከበርጩማው ተነሣ። ቆቡን አደረገ። ወደ ሐይቁ ወረደ።

ሐይቁ ዳር ለሚ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል።

«ለሚ፣ እርሳስ ስጠኝ። ውስጥ አይታይም፣ አውሮፕላን ካልቆመች። አውሮፕላን አትቆምም፣ እርሳስ ካልገባ።»

«አባባ፣ እርሳስስ ሞልቶኛል» አለ ለሚ። «ግን ዛሬ ማለዳ መረቤን ግንድ ቀደደብኝ። ተናድጃለሁ። የተናደደ ሰው ሲሰጥ አይተው ያውቃሉ? መረቤ ይጠገንና ልቤ ይመለስ፤ ያኔ በእፍኝ እሰጥዎታለሁ።»

«ማን ይጠግነዋል?»

«ብርቄ ናታ! ሌላ ማን አለ?»

ጋሽ ዱባለ መረቡን ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን ወጣ። ብርቄ የእሱ እኩያ ናት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ብርቄ፣ መረብ ጥገኚልኝ። ውስጥ አይታይም፣ አውሮፕላን ካልቆመች። አውሮፕላን አትቆምም፣ እርሳስ ካልገባ። እርሳስ አይሰጥም፣ መረብ ካልተጠገነ።»

«ውይ በሞትኩት! ዱባለ ይህን ሁሉ ተናገረ?» ብርቄ ሰማዩን አየች። «ዛሬ በረዶ ይጥላል። ልብሴን ላስገባ።»

«ብርቄ!»

«እሺ፣ እሺ። እጅ አለኝ፤ መርፌ አለኝ። ክር የለኝም። ጠንካራውን የናይለን ክር አምጣና ቡና ሳልጠጣ እጨርስልሃለሁ። ያን ክር የሚሸጠው ደግሞ ሐጂ ኑሪ ብቻ ነው።»

መረቡን እሷ ዘንድ ተወው። ወደ ሐጂ ኑሪ ሄደ። ሱቁ ዝግ ነው። ሐጂ ኑሪ በረንዳው ላይ ሕፃን አቅፈው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ሐጂ፣ ክር ይስጡኝ። ውስጥ አይታይም፣ አውሮፕላን ካልቆመች። አውሮፕላን አትቆምም፣ እርሳስ ካልገባ። እርሳስ አይሰጥም፣ መረብ ካልተጠገነ። መረብ አይጠገንም፣ ክር ካልመጣ።»

ሐጂ ኑሪ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ዱባለ፣ አንተ ነህ ወይስ ወንድምህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ክሩ ውስጥ ነው። ሱቁ አይከፈትም። ቁልፉን አየኸው? እዚህ ነው።» የሕፃኗን ጡጫ አሳዩት። «የልጅ ልጄ ሰሚራ ናት። እናቷ ጎረቤት ሰርግ አለ ብላ ጥላብኝ ሄደች። ይቺ ደግሞ ቁልፉን ከአንገቴ ነጠቀች። ጣቷን ላላቅቅ ስል ትጮኻለች። ስትጮኽ እናቷ ከሰርጉ ቤት ትሰማለች። እናቷ ከመጣች ደግሞ የምጮኸው እኔ ነኝ!»

«ምን ብናደርግላት ትለቃለች?»

ሰሚራ ራሷ መለሰች። በባዶ እጇ ወደ ሰማይ አመለከተችና «ው!» አለች።

«ትናንት አውሮፕላን ባናቷ ላይ አለፈ» አሉ ሐጂ። «ያን ጊዜ ሳቀችና የያዘችውን ሁሉ ጣለች። ዛሬም ያንኑ ነው የምትፈልገው። በእሑድ ከየት ላምጣላት?»

ጋሽ ዱባለ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ባዶ ነው። አውሮፕላኖቹ እሑድን እንደ ሰው ያርፋሉ። ፀሐይዋም ወደ ታች እያለች ነው።

ከማዶ፣ ሥጋ ቤቱ ጣራ ላይ፣ አንዲት ጭልፊት ተቀምጣለች። አያት። አየችው። ተዋወቁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወፍ ይናገራል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ዱባለ ከተናገረ ወፍ ለምን አይናገርም?

ጋሽ ዱባለ ጣራው ሥር ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጭልፊት ሆይ፣ በሕፃኗ አናት ላይ ዝቅ ብለሽ እለፊልኝ። ውስጥ አይታይም፣ አውሮፕላን ካልቆመች። አውሮፕላን አትቆምም፣ እርሳስ ካልገባ። እርሳስ አይሰጥም፣ መረብ ካልተጠገነ። መረብ አይጠገንም፣ ክር ካልመጣ። ክር አይመጣም፣ ሱቅ ካልተከፈተ። ሱቅ አይከፈትም፣ ቁልፍ ካልተለቀቀ። ቁልፍ አይለቀቅም፣ ክንፍ ካላለፈ።»

ጭልፊቷ ላባዋን አራገፈች።

«ወይ ጊዜ! እኔን፣ እናቴን፣ አያቴን ስታባርር ኖረህ፣ ዛሬ ደግሞ እለፊልኝ?»

«ሥራዬ ነበር።»

«ቂም አልያዝኩም። ግን ይቺ ልጅ ሞኝ መሰለችህ? ዝም ብዬ ባልፍ ‹ወፍ› ትላለች። ክንፍ አለኝ፤ ድምፅ የለኝም። ድምፁ ያለው አንተ ዘንድ ነው።»

ጋሽ ዱባለ መሬት መሬት አየ።

እነሆ ምሥጢሩ። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ድንጋይ አይወረውርም ነበር፤ ጅራፍም አያጮኽም ነበር። ሞተሩ ሳይነሣ እሱ በአፉ ይነሣ ነበር። ወፎቹ አውሮፕላን መጣ ብለው ይበተናሉ፤ ከዚያ እውነተኛዋ ትመጣለች። ማንም ሰው አልሰማውም፤ ሜዳው ሰፊ ነው። እዚህ ግን መንደር ነው። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ጎረምሶች ተቀምጠዋል። ሐጂ ኑሪ አሉ። ከታች ብርቄ አለች።

«እብድ ይሉኛል» አለ።

«ይበሉሃ» አለች ጭልፊቷ። «እኔን ሌባ ይሉኝ የለ? እንግዲህ ቁጠረው። ውስጥ አይታይም፣ አውሮፕላን ካልቆመች። አውሮፕላን አትቆምም፣ እርሳስ ካልገባ። እርሳስ አይሰጥም፣ መረብ ካልተጠገነ። መረብ አይጠገንም፣ ክር ካልመጣ። ክር አይመጣም፣ ሱቅ ካልተከፈተ። ሱቅ አይከፈትም፣ ቁልፍ ካልተለቀቀ። ቁልፍ አይለቀቅም፣ ክንፍ ካላለፈ። ክንፍ አያልፍም፣ ድምፅ ካልወጣ። ድምፅ አይወጣም፣ ዱባለ አፉን ካልከፈተ!»

ጋሽ ዱባለ ቆቡን አወለቀ። እግሩን ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ ፉጨት መጣ፣ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ቀጭን። ፉጨቱ ወፈረ። ሰማይ ውስጥ ጨርቅ የሚቀደድ መሰለ። ከዚያ ከሆዱ ተነሥቶ በደረቱ አልፎ ወጣ፤

«ፉይይይይ… ውውውው… ጓጓጓጓ!»

የሥጋ ቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ጎረምሶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። አንድ ውሻ ወንበር ሥር ገባ። ጭልፊቷ ተስማምታ የነበረች ቢሆንም ከልቧ ደነገጠች። ክንፏን ዘርግታ ከጣራው ተወረወረች። በሰሚራ አናት ላይ፣ ፀጉሯን ነፋስ እስኪያነሣው ዝቅ ብላ፣ ሽው!

ሰሚራ «ውውው!» አለች። ሳቀች። ሁለት እጇን ዘረጋች።

ቁልፉ ቅጭል ብሎ ወደቀ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ዱባለ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ወጣ። ድምፅ ወጣ፤ ክንፍ አለፈ። ክንፍ አለፈ፤ ቁልፍ ተለቀቀ። ቁልፍ ተለቀቀ፤ ሱቅ ተከፈተ። ሱቅ ተከፈተ፤ ክር መጣ። ብርቄ «ያ ጩኸት አንተ ነህ? እኔ እኮ በረዶው መጣ ብዬ ልብሴን አስገባሁ!» እያለች፣ እየሳቀች፣ መረብ ተጠገነ። መረብ ተጠገነ፤ የለሚ ልብ ተመለሰ። የለሚ ልብ ተመለሰ፤ እርሳስ ተሰጠ፣ ያውም በእፍኝ።

ጋሽ ዱባለ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። በዳሳ ማጣበቂያውን ከፍቷል። ውቢት ክዳኑን በወረንጦ ይዛለች።

«ቆይ!» አለ ጋሽ ዱባለ።

ዛሬ ጩኸቱን ከተማው ሁሉ ሰምቶት ነበርና ማንም አልተገረመም።

በዳሳ እርሳሱን አንድ በአንድ በፊት ጎማዋ ጉድጓድ ከተተ። ውቢት በሙጫ ደፈነችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ጅራቷ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አፍንጫዋ ወረደ። በሦስት ጎማዋ ቆመች።

«ከጋሼ እንጀምር» አለች ውቢት።

ጋሽ ዱባለ በዳሳ ሰዓት የሚያይበትን ማጉያ ዓይኑ ላይ አደረገ። እጁን ወደ ኋላው አጣመረ። አጎነበሰ።

ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ ምን ይታያል?»

«ሰዓት» አለ። «ጤፍ የሚያካክል። አንድ፣ ሁለት… ሰዓት ብቻ ነው! ይህን ሁሉ ሰዓት ይዘው ነው ሁልጊዜ ለምሳ የሚዘገዩት?»

በዳሳ ሳቀ። «የጊዜ አይደለም፤ አንዱ ከፍታ ነው፣ አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ነዳጅ።»

«ይቺ ቢጫዋ እጀታስ?»

«ጭንቅ ሲመጣ ይስባታል። ወንበሩ ሰውዬውን ይዞ ይወጣል።»

«አሃ!» አለ ጋሽ ዱባለ። አብራሪ ያለ አውሮፕላኑ በጃንጥላ የሚወርደው እንዴት እንደሆነ ስንት ዓመት አልገባውም ነበር፤ አሁን ገባው። ደግሞ አየ። ከፊት መስታወቱ ጥግ፣ ውቢት ከብር ወረቀት ቆርጣ የለጠፈቻት መስተዋት አለች፤ አብራሪው ከኋላ የሚመጣበትን የሚያይባት። ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም። ጋሽ ዱባለ ትንፋሹን ያዘና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

መስተዋቷ ውስጥ ዓይን አለ። ዙሪያው የተጨማደደ ዓይን ነው። አፍጥጦ ያየዋል።

ማንም «ዞር በል» አላለውም።

ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። ማጉያውን ለበዳሳ መለሰ። ቆቡን አደረገ። ወደ በርጩማው ሄዶ ተቀመጠ።

«ታዲያ አዩ፣ ጋሼ?» አለ በዳሳ።

«አየሁ።»

«ምን ይላሉ?»

ጋሽ ዱባለ ትንሽ አሰበ። የዕለቱ ቃል ተሟጦበት የቀረችው ጥቂት ናት።

«አብራሪው ሽማግሌ ነው» አለ። «ቀስ ብላችሁ ዝጉበት።»

ተረቴም በሦስት ጎማዋ ቆመች። የነካትና የጣላት፣ እርሳሱን ራሱ ያምጣ።