ጋራዥ ሲገባ ዝም የሚል ማርሽ

አንድ መካኒክ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ጋራዡ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ትንሽ ከተማ ዳር ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ ከባድ መኪና ሁሉ እሱ ደጅ ሳይቆም አያልፍም። ይርዳው ፍሬን ያያል፣ ዘይት ይለካል፣ ሞተር ያዳምጣል፤ በመጨረሻም አንድ ቃል ይናገራል፤ «ውረድ» ወይም «አትውረድ»። ሾፌሮቹ ይህን ቃል ያምኑታል። እሱም በዚህ ቃል ቀልዶ አያውቅም።

ከሾፌሮቹ መካከል ጥጋቡ የሚባል የቆየ ወዳጁ አለ። የውሃ ቦቴ ይነዳል። ቆላ ያሉት መንደሮች ጉድጓዳቸው ስለደረቀ የሚጠጡት እሱ የሚያወርድላቸውን ውሃ ነው። የቦቴው ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ አርጅቶ ማርሽ መያዝ ሲያቅተው ጥጋቡ መኪናውን ይርዳው ጋ አቆመው። ይርዳው አሮጌውን ካምቢዮ አወረደ፣ ከተገለበጠ መኪና የተረፈ ደህና ካምቢዮ ፈልጎ ገጠመ፣ ዘይት ሞላ፣ ማርሹን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን አስተካከለ። ግቢው ውስጥ እየነዳ ሞከረው። ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ወጣ።

«ውረድ» አለው።

የጥጋቡ ሚስት አልጋነሽ መኪናው በመዳኑ ደስ አላት። ባሏ ከቤቱ ይልቅ ከዚያ መኪና ጋር እንደሚውል ታውቃለችና፣ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ አመጣችለትና «ታሞ የተነሳ ይለብሳል» ብላ ሰጠችው። ጥጋቡ በዚያው ቀን ጋቢናው ውስጥ አነጠፈው። ከዚያ በኋላ ጫማውን ሳያወልቅ ጋቢና አይገባም፤ ሌላ ሰውም በጫማ አያስገባም። ሾፌሮቹ «ጥጋቡ ሳሎን ይነዳል» እያሉ ይስቁበት ጀመር።

በማግስቱ ውሃውን እንደጫነ ተመልሶ መጣ።

«ምነው፣ ውረድ አላልኩህም?» አለ ይርዳው።

«ብለኸኛል። ማርሹ ግን አልሰማህም። አንደኛ ሳስገባ ይጮሃል። የኋላ ማርሽማ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ነው። ከሦስት ወደ ሁለት ልቀንስ ስል ደግሞ ጭራሽ እምቢ ይለኛል።»

ይርዳው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። «ምንጣፍህን አንሳልኝ። ልብሴም ጫማዬም ዘይት ነው፣ የሰው ስጦታ አላበላሽም።»

ጥጋቡ ምንጣፉን በጥንቃቄ ጠቅልሎ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ይርዳው ጋቢና ወጥቶ ሞከረ። አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ የኋላ ማርሽ ገባ። ምንም ድምፅ የለም። «ና አንተ ሞክረው» አለ። ጥጋቡ ሞከረ። ያው ነው፤ ዝም።

ጥጋቡ አንገቱን ነቀነቀ። «ይህ መኪና አንተን ይፈራል ማለት ነው። አባቱ ሲመጣ አርፎ እንደሚቀመጥ ልጅ።»

ሁለቱም ሳቁ። ጥጋቡ ምንጣፉን መልሶ አነጠፈ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሄደ። ከከተማው ሳይወጣ ማርሹ ጮኸ።

ሲመለስ አልሳቀም። ይርዳውም አልሳቀም። ምንጣፉ ተነሳ፣ ማርሹ ተሞከረ፣ ዝም አለ። ይርዳው የካምቢዮውን ዘይት አይቶ ልኩን አገኘው። የፍሪሲዮኑን ዘይት አይቶ አየር እንዳልገባበት አረጋገጠ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። የሚያስከፋ ነገር አላገኘም። የሚያስከፋ ነገር አለማግኘቱ ግን አላሳረፈውም።

ምክንያቱም ያንን ቁልቁለት ያውቀዋል። የሞላ ቦቴ በፍሬን ብቻ አይወርደውም፤ ፍሬኑ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይግላል። የሚይዘው ማርሹ ነው። ሾፌሩ ከሦስት አውጥቶ ሁለት እምቢ ካለው፣ መኪናው በባዶ ማርሽ ውሃውን እንደተሸከመ ይንደረደራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ለመናገር አይተርፍም። «ውረድ» ያለው ደግሞ ይርዳው ነው።

ምሳ ሲበላ ሰምቶት የማያውቀው ጩኸት ይሰማዋል። ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ስለዚህኛው ያስባል። የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ መልሶ ያነሳል። በመጨረሻ ካምቢዮውን አወረደውና ፈታው። ጥርሶቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው። ገጠመው። ጥጋቡ ይዞት ወጣ፤ ጮኸ። እንደገና አወረደው፤ ዲስኩን አየ፣ ኩሽኔታዎቹን በጣቱ አሽከረከረ፤ ደህና ናቸው። ገጠመው። ጥጋቡ ይዞት ወጣ፤ ጮኸ።

በዚህ መሃል ቆላ ያሉት ሰዎች ስልክ መደወል ጀመሩ። ጥጋቡ ደግሞ ውሃ እንደጫነ ጋራዡ ደጅ ቆሟል።

ሰው ጥፋቱን ከዕቃ ሲያጣው ከሰው መፈለግ ይጀምራል። ይርዳው በልቡ ይዞት የነበረውን አወጣው።

«እግርህ ነው» አለ። «እዚህ እኔ ሳይህ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ትረግጣለህ። መንገድ ስትወጣ ግን ትሰንፋለህ። ግማሽ ረግጠህ ማርሽ ብታስገባ ምን ይሁን፣ ይዝፈን?»

ጥጋቡ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ይህን ቁልቁለት ስወርድ አንተ ብስክሌት ትጠግን ነበር። እስከ ወለሉ ነው የምረግጠው። ከዚያ በታች የምረግጠው መሬት የለም። ይልቅ አንተ ንገረኝ፣ ይህን ካምቢዮ የሰጠህ ሰውዬ ምን ደብቆ ሰጠህ? ወይስ አውቀህ ነው የገጠምክልኝ?»

«ጥርሱን አሳይቼሃለሁ። ሙሉ ነው።»

«ጩኸቱንም እኔ ሰምቼዋለሁ። ያውም በጆሮዬ።»

በመካከላቸው እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ጥጋቡ ምንጣፉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ መኪናው ሄደና እንደ ልማዱ አነጠፈው።

ይርዳው ቆሞ አየው። ሁለት ነገር በእርግጠኝነት ያውቃል። አንደኛ፣ ጥጋቡ ውሸታም አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። ሁለቱም እውነት ከሆኑ «ማን ዋሸ» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ፣ ጋራዥ ውስጥ ግን የሌለ ነገር ምንድነው?

ሮጦ የጋቢናውን በር ያዘ።

«አብሬህ እወጣለሁ» አለ። «እዚህ አልሞክረውም። እኔ እንደሌለሁ አድርገህ ንዳ። ምንም ነገር አታንሳልኝ፣ ምንም ነገር አታስተካክልልኝ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ እስክንደርስ ጥፋቱ ካልተገኘ እዚያው አብረን እንቆማለን።»

ጥጋቡ ከላይ እስከ ታች አየው። «እሺ። ጫማህን ግን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጫማህን። ምንጣፍ አለ።»

ይርዳው እየተነጫነጨ ጫማውን አወለቀ። ካልሲ አላደረገም። ባዶ እግሩን ጋቢናው ውስጥ ሲያሳርፍ እግሩ ሱፉ ውስጥ ሰመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ አሁንም ሰመጡ። ወደ ጥጋቡ እግር ተመለከተ።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያለችው የመጨረሻ ሜዳ ላይ ደረሱ። ጥጋቡ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ከሦስት ወደ ሁለት ሊቀንስ ሞከረ። ማርሹ ጮኸ። ይርዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። ጥጋቡ እንዳለው ነው፤ ጠጠር የገባበት ወፍጮ።

«ቁም» አለ ይርዳው። መኪናው ቆመ። «አሁን ፍሪሲዮኑን እርገጥ። እስከ መጨረሻው።»

«ረገጥኩ።»

«እግርህን እንዳታነሳ።»

ይርዳው አጎነበሰና እጁን ከፔዳሉ ሥር አስገባ። መዳፉ ወለሉን አልነካም። የነካው ሱፍ ነው፤ የሱፉን ሥር ሲፈትሽ ደግሞ ሌላ ሱፍ አገኘ።

«ይህ ምንጣፍ እዚህ ጋ ለምን ተደረበ?»

«ከወለሉ ተረፈ» አለ ጥጋቡ። «ምን ላድርገው ታዲያ? የሚስቴን ስጦታ በመቀስ ልቁረጥ? ትርፉን አጥፌ ከፔዳሉ ሥር አስገባሁት።»

ይርዳው ምንጣፉን ስቦ አወጣው። «በል እርገጥ።»

ፔዳሉ ቀድሞ ከሚቆምበት ሁለት ጣት ያህል አልፎ ወረደ። ጥጋቡ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ገባ። አወጣ፤ የኋላ ማርሽ አስገባ። ገባ። ዞሮ ምንጣፉን አየ።

«እስከ ወለሉ ነበር የምረግጠው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለ ይርዳው። «ወለሉ ነው ከፍ ያለው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ማርሽ ታስገባ ነበር። በእኔ ቤት ደግሞ ገና ስትገባ ምንጣፉን አንሳልኝ እልሃለሁ። ጥፋቱን በጨዋነት አስወጥቼ ነው ጥፋት ፍለጋ የምገባው።» ቀጥሎም «ስለ እግርህ ያልኩትን እርሳው» አለ።

«አንተም ስለ ካምቢዮው ያልኩትን እርሳው። ስለ ብስክሌቱ ያልኩት ግን እውነት ነው።»

ይርዳው ሳቀ። ከዚያ ቁልቁለቱን አየ፣ ፔዳሉን አየ፣ ያችን ቃል ተናገረ።

«ውረድ።»

ራሱ ግን ከመኪናው አልወረደም። እስከ ታች ድረስ ባዶ እግሩን ተቀምጦ፣ ማርሹ በየመታጠፊያው ዝም ብሎ ሲገባ አዳመጠ። ታች ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ከቦቴው ጋቢና ያለ ጫማ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች አዩ፤ ምክንያቱን ማንም አልጠየቀም፤ ውሃው መጥቷል።

ማታ አልጋነሽ ነገሩን ስትሰማ መቀሷን አመጣችና ምንጣፉን ራሷ ቆረጠችው። «ብቆርጠው ይከፋታል ብለህ ተውከው» አለችው ባሏን። «ብትሞትስ አይከፋኝም መስሎህ ነው?»

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ብዙ አይደለም። በዚያ ሰሞን መኪናው ውስጥ የገቡት አዲስ ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ ካምቢዮና ምንጣፍ። ሁሉም ሰው ያየው ከባዱን ነው። ነገር ሲበላሽ ዓይናችን የሚሄደው ትልቅ፣ ውድና አስቸጋሪ ወደሆነው ነው፤ እግራችን ሥር ያለውን፣ ያውም በፍቅር የተሰጠንን፣ ለመጠርጠር አይመቸንም። ሁለት እውነተኛ ሰዎች ሲለያዩም አንዱ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት የቆሙበት ወለል እኩል አይደለም። በቤታችን፣ በመሥሪያ ቤታችን፣ በወዳጅነታችን መካከል የሚጮህ ነገር ካለ፣ ሰውየውን አውርደን ከመፍታታችን በፊት ጫማችንን አውልቀን እሱ በሚቀመጥበት መቀመጥ ይቀድማል።

እርስዎስ? ሰው እርስዎ ፊት ሲቀርብ፣ ለክብርዎ ሲል ጠቅልሎ ውጭ የሚያስቀምጠው ነገር ምን ይሆን?